የጅማ በርጩማ እና የአሞኒያ ሞለኪውል፦ ከሠንጠረዥ ባሻገር ስላለው ስፔክትሮስኮፒ

“ሠንጠረዡን በቃሌ ይዤዋለሁ። 1,700 አካባቢ ካርቦኒል፣ 2,900 አካባቢ ካርቦን ከሃይድሮጅን፣ 3,300 አካባቢ ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን። ታዲያ ፈተናው ላይ ለምን አልጠቀመኝም?”

ይህን የጠየቀችኝ ጅማ ውስጥ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን የጀመረች ተማሪ ናት። ሠንጠረዡ በስፔክትረም፣ ማለትም መሣሪያው በሚስለው ሥዕል ላይ፣ የትኛው መስመር የየትኛው ቦንድ (የአቶሞች ትስስር) እንደሆነ የሚዘረዝረው ነው፤ ካርቦኒል ማለት ደግሞ ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘ ካርቦን ነው። የክረምት ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ ነው። በእጇ የያዘችው የፈተና ወረቀት ላይ የአንድ ነጭ ዱቄት አራት ስፔክትረሞች ተሥለዋል፤ ጥያቄው “ይህ ምንድን ነው?” ይላል። ካፌይን መሆኑን ስነግራት ስኒዋን ዝቅ ብላ አየችው። እኔም በተማሪነቴ ያንኑ ሠንጠረዥ ሸምድጄ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄያለሁ፤ የሚመልስልኝ ግን አላገኘሁም ነበር። በዚያ ከሰዓት የተነጋገርነውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስፔክትሮስኮፒ ማለት ብርሃንን ወደ ቁስ ልኮ፣ ቁሱ ከብርሃኑ የትኛውን እንዳስቀረና የትኛውን እንደመለሰ በማንበብ ስለ ቁሱ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ “ብርሃን” የምንለው ዓይን የሚያየውን ብቻ ሳይሆን ከሬዲዮ ሞገድ እስከ ኤክስሬይ ያለውን ሁሉ ነው። ሞለኪውሎች ኃይልን በፈለጉት መጠን አይቀበሉም። ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ናቸው፤ በአንዱ እርከን ወይም በሌላው ላይ ይቆማሉ እንጂ በሁለቱ መካከል መቆሚያ የላቸውም። ከእርከን ወደ እርከን ለመውጣት ልኩ የሆነ ብርሃን ይፈልጋሉ። እርከኖቹ የተራራቁት በየቁሱ በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ የተዋጠው ብርሃን የቁሱን ማንነት ይናገራል።

ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ጥቂት ጨው በእሳት ነበልባል ላይ ብትበትኑ ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የሶዲየም ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 589 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጅማ ገበያ የተገዛ ጨውም ሆነ ሌላ አገር የተገዛ ይህን ቁጥር አይለውጠውም። ሳይንቲስቶቹ ቡንሰንና ኪርሆፍ እንዲህ ያለውን ነበልባል በፕሪዝም እያዩ በ1860 ሲዝየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን አገኙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሂሊየም ደግሞ በ1868 መጀመሪያ የታየው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው። ሰው እጁ ሳይነካው፣ ከፀሐይ በመጣ አንድ መስመር ብቻ አዲስ ንጥረ ነገር አወቀ። ይህ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የሚጠየቀው “ይህ መስመር የማን ነው?” የሚል ነው። ለዚያ ሠንጠረዡ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄዱ ጥያቄው ይለወጣል፦ ይህ መስመር እንዲታይ ማን ፈቀደለት? ያኛው ለምን ቀረ? ለምን አንዱ እንደ መርፌ ቀጠነ፣ ሌላው እንደ ኮረብታ ሰፋ? ሠንጠረዥ ለእነዚህ መልስ የለውም፤ ተማሪዋም የወደቀችው እዚህ ላይ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከአልትራቫዮሌት። አምፖል ፊት አንድ የጥጥ ነጠላ ብንዘረጋ የብርሃኑን ግማሽ ያስቀራል እንበል። ሁለተኛ ነጠላ ስንደርብ ቀሪውን በሙሉ አያስቀርም፤ ከተረፈው ላይ ግማሹን ነው የሚወስደው፣ ሩብ ያልፋል። ሦስተኛው ሲደረብ አንድ ስምንተኛ ይቀራል። የሚያልፈው ብርሃን እንዲህ እየተካፈለ ስለሚቀንስ፣ ከነጠላው ብዛት ጋር እኩል የሚያድግ ቁጥር ለማግኘት ሎጋሪዝም መውሰድ ግድ ነው። ያ ቁጥር አብዞርባንስ ይባላል። ቡጌር በ1729 የጀመረው፣ ላምበርት በ1760 ያጠናከረው፣ ቤር በ1852 ከውሑድ ክምችት ጋር ያያያዘው ሕግ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። አብዞርባንሱ 1 ሲሆን ከብርሃኑ 10 በመቶ ያልፋል፤ 2 ሲሆን 1 በመቶ፤ 3 ሲሆን ከሺህ አንድ ብቻ። ከሺህ አንዱን ለማንበብ የሚታገል መሣሪያ ውስጡ የሚንከራተት ጥቂት ባዕድ ብርሃን ካለ ይሳሳታል። ስለዚህ ማሽኑ 3 ብሎ ሲጽፍ ማመን የለብንም፤ ናሙናውን አቅጥነን እንደገና መለካት አለብን። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የተበላሸው በዚህች ቀላል ነገር ነው።

ካፌይን ውኃ ውስጥ አብዝቶ የሚውጠው በ273 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ400 በላይ ያለውን ስለሆነ ንጹሕ ካፌይን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የቡናው ጥቁረት ከመቆላቱ የመጣ ነው። የመዋጥ አቅሙ፣ ሞላር አብዞርፕቲቪቲ የሚባለው፣ ወደ 10,000 ይጠጋል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ) 0.5 ካነበብን በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለ ማለት ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ቡናውን አፍልተን፣ አጥልለን፣ በቀጥታ ብንለካ 273 ላይ የምናገኘው ቁጥር የካፌይን ብቻ አይደለም። ቡና ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ በብዛት አለ፤ ጫፉ 325 አካባቢ ቢሆንም ጎኑ ተዘርግቶ የካፌይንን ቦታ ይሸፍናል። ማሽኑ የሁለቱን ድምር ይሰጠናል፣ እኛ ሁሉንም ለካፌይን እንጽፍለታለን። መፍትሔው ካፌይንን ከውኃው ወደ ዳይክሎሮሜቴን፣ ከውኃ ጋር ወደማይደባለቅ ፈሳሽ፣ ማሻገር ነው፤ ካፌይን በደስታ ይሻገራል፣ ክሎሮጀኒክ አሲዱ በውኃው ይቀራል። በቡና አገር ኬሚስትሪ የሚማር ሰው ይህን በእጁ ሠርቶ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያያቸው፣ “ማሽን የሚለካው የተጠየቀውን ሳይሆን የደረሰውን ነው” የሚለውን ነገር ያለ ብዙ ንግግር ይረዳዋል።

እነዚህ የአልትራቫዮሌት ጫፎች ለምን ሰፊ ይሆናሉ? ኤሌክትሮን ከእርከን ወደ እርከን ሲዘል በሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ክፍል ውስጥ ይጨርሳል። ከባዶቹ ኒውክሊየሶች በዚያ ጊዜ ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ዝላዩ እንደ ፎቶግራፍ ባሉበት ይይዛቸዋል። አዲሱ የኤሌክትሮን ሁኔታ ግን ሌላ የቦንድ ርዝመት ይወዳል፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ እርከኑን የሚረግጠው እየተርገበገበ ነው፤ አንዱ በትንሹ፣ ሌላው በብዙ። እያንዳንዱ ርግብግቢት የራሱን መስመር ይጨምራል፣ ዙሪያውን የሚገፉት የውኃ ሞለኪውሎች መስመሮቹን ያደበዝዟቸዋል፣ በመጨረሻ ኮረብታ ይሆናል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፍራንክና ኮንደን ያስረዱት ይህንን ነው። ተማሪዎች እንደ ቀመር ይሸመድዱታል፤ ፎቶግራፉን ግን አያስቡትም።

አሁን ወደ ኢንፍራሬድ እንምጣ። ክራር የቃኘ ሰው መነሻውን ያውቀዋል፦ አውታሩ ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ አውታሩ ሲወፍር ድምፁ ይወፍራል። ቦንድም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ቦንድ በፍጥነት ይርገበገባል፣ ከባድ አቶም የያዘ ቦንድ በዝግታ። የምንለካው በሞገድ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ በሚገቡት ሞገዶች ብዛት ነው። ካርቦን ከሃይድሮጅን ጋር ያለው ቦንድ 3,000 አካባቢ ይርገበገባል። ያንን ሃይድሮጅን አውጥተን እጥፍ በሚከብደው ወንድሙ በዲዩቴሪየም ብንተካው የቦንዱ ጥንካሬ አይለወጥም፤ ክብደቱ ብቻ ነው የተለወጠው። ስሌቱ 3,000ን ለ1.36 አካፍል ይለናል፤ መስመሩም 2,200 አካባቢ ይገኛል። ተመራማሪዎች አንድ መስመር የማን እንደሆነ ሲጠራጠሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ አቶሙን ያከብዱታል፣ ከዚያ የትኛው መስመር እንደተንቀሳቀሰ ያያሉ። ሠንጠረዥ ይገምታል፤ ይህ ግን ያረጋግጣል።

የተርገበገበ ሁሉ ግን አይታይም። ኢንፍራሬድ ብርሃን ሞለኪውልን የሚይዘው በኤሌክትሪክ እጀታ ነው፤ ርግብግቢቱ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ክፍፍል ካላናወጠ ብርሃኑ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከአየሩ 99 በመቶውን ይይዛሉ፤ ሁለቱም ሁለት ተመሳሳይ አቶሞች ስለሆኑ ሲርገበገቡ ምንም ክፍፍል አይፈጥሩም፣ ኢንፍራሬድ ያልፋቸዋል። በመጠኑ እጅግ ትንሽ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በ667 እና በ2,349 ላይ ይውጣል፤ የምድር ሙቀት ጉዳይ የተያያዘው ከዚህ ነው። ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለቱ ኦክስጅኖቹ እኩል ወደ ውጭ፣ እኩል ወደ ውስጥ ሲሄዱ ግን አይታይም፤ የግራው የቀኙን ያጠፋዋል። ይህን የተደበቀ ርግብግቢት የሚያሳየው በ1928 ካልካታ ላይ ሲ. ቪ. ራማን ያገኘው ሌላ መንገድ ነው፤ ብርሃኑ ሳይዋጥ ሲበተን በጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። እያንዳንዱ አቶም ከመሐሉ በተቃራኒው ወገን ልክ አቻ ላለው ሞለኪውል ኢንፍራሬድ ያየውን ራማን አያይም፣ ራማን ያየውን ኢንፍራሬድ አያይም።

ማን ይታያል፣ ማን አይታይም የሚለውን በእያንዳንዱ ሞለኪውል ላይ እንዲህ እየገመቱ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ግሩፕ ቲዮሪ፣ የሲሜትሪ (የቅርጽ ተመሳስሎ) ሒሳብ፣ ይመጣል፤ ተማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ክፍል። ተማሪዋን “ከእሱ ምን ገባሽ?” ስላት ዝም አለች። ከተቀመጠችበት እንድትነሳ ለመንኳት።

የተቀመጠችው በጅማ በርጩማ ላይ ነበር፤ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው፣ መደገፊያ የሌለው፣ ባለ ሦስት እግሩ። ጠራቢው እጁ የተባረከ ነውና ሦስቱም እግሮች እኩል ናቸው እንበል። ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት፤ በርጩማውን በሲሶ ዙር፣ በ120 ዲግሪ አዞርኩት። ስትገልጪ የተለወጠ ነገር አለ? የለም። በ240 ዲግሪስ? የለም። ከዚያ በአንደኛው እግርና በመቀመጫው መሐል የሚያልፍ መስተዋት ብናቆም ግራው ቀኙን ይተካል፤ እንዲህ ያለ መስተዋት ለእያንዳንዱ እግር አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት አለ። ጭራሽ ሳይነኩ መተውም ይቆጠራል፤ ሒሳቡ ያለ እሱ አይሞላም። አንድ፣ ሁለት ዙሮች፣ ሦስት መስተዋቶች፤ ስድስት። ገልብጠን እግሩን ወደ ላይ ብናደርገውስ? ያኔ ማንም ያውቃል።

እነዚህ ስድስት ድርጊቶች አንድ ላይ ሲ3ቪ የሚባለው ቡድን ናቸው። አሞኒያ፣ አንድ ናይትሮጅን ከላይ፣ ሦስት ሃይድሮጅን ከታች፣ ልክ የዚሁ በርጩማ ቡድን አባል ነው። የካራክተር ሠንጠረዥ የሚባለው አስፈሪ ነገር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ርግብግቢት በእነዚህ ስድስት ድርጊቶች ሥር ሲያልፍ ራሱን መስሎ ይቀራል፣ ይገለበጣል፣ ወይስ ከጓደኛው ጋር ይደባለቃል?

እንቁጠር። አራት አቶሞች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት አቅጣጫ መንቀሳቀስ ስለሚችሉ 12 እንቅስቃሴዎች አሉ። ሞለኪውሉ በሙሉ ወደ ሦስቱ አቅጣጫዎች መሄዱና በሦስቱ ዘንጎች ዙሪያ መሽከርከሩ ርግብግቢት ስላልሆነ ስድስቱን እናወጣለን፤ ስድስት ይቀራሉ። መስመሮቹ ግን አራት ናቸው፦ 950፣ 1,627፣ 3,337 እና 3,444 አካባቢ። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው ሁለት መንታ ርግብግቢቶችን ስለያዙ ነው፤ የበርጩማው ሲሜትሪ መንታዎቹን እኩል ኃይል እንዲኖራቸው ያስገድዳቸዋል። አራቱም በኢንፍራሬድ ይታያሉ።

አሁን በርጩማውን ጠፍጣፋ እናድርገው። ቦሮን ትራይፍሎራይድ መሐሉ ላይ ቦሮን፣ ዙሪያው ሦስት ፍሎሪን አለው፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ተኝተዋል። እሱን መገልበጥ ይቻላል፤ ማንም አያውቅም። ሲሜትሪ በጨመረ ቁጥር ፈቃዱ ይጠብባል። ስድስት ርግብግቢቶች እሱም አሉት፤ ሦስቱ ፍሎሪኖች እኩል ወደ ውጭ የሚዘረጉበት፣ 888 አካባቢ ያለው ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው ከኢንፍራሬድ ይጠፋል። በኢንፍራሬድ ሦስት መሠረታዊ መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። እንግዲህ አንድ ያልታወቀ ጋዝ መሐሉ ላይ አንድ አቶም፣ ዙሪያው ሦስት ተመሳሳይ አቶሞች እንዳሉት ብናውቅ፣ መስመሮቹን ቆጥረን ጫፍ ያለው ይሁን ጠፍጣፋ፣ ሳናየው እንናገራለን። ተማሪዋ እዚህ ስትደርስ በርጩማውን ራሷ ደጋግማ አዞረችው።

አሞኒያ ላይ ሌላ ነገርም አለ፤ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ እንደሚሆነው አሞኒያ ራሱን ይገለብጣል፤ ናይትሮጅኑ በሦስቱ ሃይድሮጅኖች መሐል ሾልኮ ወደ ሌላው ወገን ይወጣል። ግንቡን ለመዝለል የሚበቃ ኃይል ሳይኖረው ያልፋል፤ ኳንተም መካኒክስ ይህን ይፈቅዳል። የመገልበጡ ድግግሞሽ በሴኮንድ 24 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት 950 አካባቢ ያለው መስመር በጋዝ ሁኔታ ሲታይ ወደ 932 እና ወደ 968 ይከፈላል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የሸመደደ ተማሪ እዚያ ሁለት መስመር ሲያይ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል።

ሞለኪውልን ሰብሮ የስባሪዎቹን ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትሪ በብርሃን ስለማይሠራ በጥብቅ ስንናገር ስፔክትሮስኮፒ አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ አብሮ ይማራል። ጀበና ሲወድቅ እንዴት እንደሚሰበር አስቡ። አንገቱና እጀታው ደካማ ናቸው፣ ሆዱ ይተርፋል። ስባሪዎቹን የሰበሰበ ሰው ጀበናው ምን ይመስል እንደነበር ይናገራል። ካፌይን 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን አለው፤ ሳይሰበር 194 ላይ ይታያል። ከዚያ 57 አጥቶ 137 ይሆናል፤ የወደቀው አንድ ናይትሮጅን ከነሜቲሉ (ሦስት ሃይድሮጅን ከያዘው ካርቦን) እና ከነካርቦኒሉ ነው። ቀጥሎ 28 ያጣና 109 ይሆናል፤ ይህ ሌላው ካርቦኒል ነው። የመጀመሪያው ክብደት ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) ቁጥር መሆኑም ይናገራል፦ ጎዶሎ ብዛት ያለው ናይትሮጅን የያዘ ሞለኪውል ክብደቱ ጎዶሎ ይሆናል፣ ስለዚህ እዚህ ናይትሮጅኑ ወይ የለም ወይ ብዛቱ ተጋማሽ ነው።

ነገር ግን 194 ያለው ካፌይን ብቻ አይደለም። ከብዙ ተክሎች የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድም 194 ነው። የሚለያቸው ከነጥብ በኋላ ያለው ነው፤ ካፌይን 194.0804፣ ፌሩሊክ አሲድ 194.0579። የሚለየው መሣሪያ ውድ ነው። ውድ መሣሪያ ከሌለ ኢንፍራሬዱ ይረዳል፤ ፌሩሊክ አሲድ ከ3,000 በላይ ሰፊ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን መስመር አለው፣ የካፌይን ወረቀት ግን 3,300 አካባቢ ባዶ ነው። ተማሪዋ በካፌይኑ ኢንፍራሬድ ላይ 1,700 እና 1,660 አካባቢ ያሉትን ሁለት ጠንካራ መስመሮች አይታ ነበር፤ ባዶውን ቦታ ግን አላነበበችውም። አራት ናይትሮጅን ያለው ሞለኪውል 3,300 ላይ ጸጥ ካለ፣ አንዱም ናይትሮጅን ሃይድሮጅን አልያዘም ማለት ነው። የካካዎው ቲዮብሮሚን ሜቲል አንድ ስለሚጎድለው በናይትሮጅን ላይ የቀረች አንዲት ሃይድሮጅን አለችው፤ ይለያል።

ሌላም ሒሳብ አለ፤ በእጅ ይሠራል። ስምንት ካርቦንና አራት ናይትሮጅን ያለው ሙሉ በሙሉ የጠገበ ሞለኪውል 22 ሃይድሮጅን ሊይዝ ይችላል። ካፌይን የያዘው 10 ነው፤ 12 ጎድሎታል። ለሁለት ሲካፈል 6። ስለዚህ ቀለበትና ድርብ ቦንድ ተደምረው ስድስት መሆን አለባቸው። ሁለቱ ካርቦኒሎች ናቸው፣ አራት ይቀራሉ፦ ሁለት ቀለበትና ሁለት ድርብ ቦንድ።

የቀረው ኤን ኤም አር ነው፤ ኒውክሊየሶች በማግኔት መስክ ውስጥ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጡትን ምላሽ የሚያነበው መንገድ። የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ ትንሽ ማግኔት ነው። በ400 ሜጋ ኸርትዝ መሣሪያ ውስጥ የሚቆምበት መስክ 9.4 ቴስላ ነው፤ ኮምፓስ ከሚያዞረው የምድር መስክ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ብርቱ መስክ ውስጥ እንኳን ከመስኩ ጋር የተሰለፉት ካልተሰለፉት የሚበልጡት ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ በ32 ገደማ ብቻ ነው። የምንሰማው የእነዚያን የጥቂቶቹን ድምፅ ነው። ስለዚህ ነው ብርቱ ማግኔት የሚፈለገው፣ እሱም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዘው፣ ስለዚህም ነው መሣሪያው ውድ የሆነውና በየዩኒቨርሲቲው የማይገኘው። ናሙና ወደ ሌላ ከተማ ልኮ ሳምንታት የጠበቀ ተማሪ ምን እንደምል ያውቃል። እስከዚያው ድረስ የጃፓኑ ኤስ ዲ ቢ ኤስ እና የአሜሪካው ኒስት ዌብቡክ የተባሉት የስፔክትረም ማከማቻዎች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በቀን አንድ ስፔክትረም አውጥቶ፣ ስሙን በወረቀት ሸፍኖ መፍታት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ሃይድሮጅኖቹ እንዳሉበት ቦታ በዙሪያቸው ያለው የኤሌክትሮን ጥላ ይለያያል፤ ስለዚህ በተለያየ ቦታ ይታያሉ፤ ቦታው የሚለካው በፒ ፒ ኤም (ከሚሊዮን) ነው። ጎረቤትም ይሰማቸዋል። በአረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ሦስቱ የሜቲል ሃይድሮጅኖች 1.2 አካባቢ በሦስት ተከፍለው፣ ሁለቱ ጎረቤቶቻቸው 3.7 አካባቢ በአራት ተከፍለው ይታያሉ። “የጎረቤት ብዛት ሲደመር አንድ” የሚለው ደንብ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። ከፍ ሲል ደንቡ የሚሰበርበትን ማወቅ ይጠየቃል፦ የሁለቱ ምልክቶች ርቀት እርስ በርስ ከሚገፋፉበት መጠን ጋር ሲቀራረብ ጫፎቹ ያጋድላሉ፣ ቁጥራቸውም ይለወጣል፤ ያኔ ኳንተም መካኒክሱን ማስላት ነው። መስኩ ሲጨምር ርቀቱ ይሰፋል፣ መገፋፋቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ ብርቱ ማግኔት የሚፈለግበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

ጊዜም አለ፤ ብዙ መጻሕፍት በጥግ ያስቀምጡታል፣ እኔ ግን ከዋናዎቹ እቆጥረዋለሁ። ዳይሜቲልፎርማማይድ ሁለት ሜቲሎች በአንድ ናይትሮጅን ላይ አሉት፤ ናይትሮጅኑ በነፃነት ቢሽከረከር ኖሮ ሁለቱ አንድ ይሆኑ ነበር። በክፍል ሙቀት ግን 2.88 እና 2.97 አካባቢ ለየብቻ ይታያሉ፤ ቦንዱ ግማሽ ድርብ ስለሆነ ለመዞር ይዘገያል። ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሁለቱ እየተቀራረቡ ይዋሃዳሉ። ኤን ኤም አር ዝግተኛ ዓይን ነው፤ ኢንፍራሬድ እጅግ ፈጣን። አንድ ሞለኪውል በሁለት መሣሪያ ሁለት የተለያየ ነገር ሲናገር ውሸታም ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ የየመሣሪያውን ፍጥነት መጠየቅ ነው።

ቶናው ቀርቦ፣ በረካው ሲጠበቅ ወደ ወረቀቱ ተመለስን። የካፌይን ኤን ኤም አር አራት መስመሮች አሉት፤ አንድ ሃይድሮጅን 7.5 አካባቢ፣ ከዚያ በ4.0፣ በ3.6 እና በ3.4 አካባቢ ሦስት ሃይድሮጅን የያዙ ሦስት መስመሮች። አንዱም አልተከፈለም፤ አንዱም ቅርብ ጎረቤት የለውምና። ሦስት ሜቲሎች በሦስት ናይትሮጅኖች ላይ እንዳሉ ግልጽ ነው። የትኛው የትኛው ነው? ሠንጠረዥ እዚህ ፈጽሞ ዝም ይላል።

ኤች ኤም ቢ ሲ የተባለው ባለ ሁለት አቅጣጫ ሙከራ አንድ ሃይድሮጅን ሁለትና ሦስት ቦንድ ርቆ ካለ ካርቦን ጋር ሲነጋገር ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ነጠብጣቦቹ ነበሩ። ተማሪዋ እርሳሷን አነሳች። የ4.0ው ሜቲል በካርቦን ኤን ኤም አር በ107 እና በ141 ከሚታዩት ካርቦኖች ጋር ይነጋገራል፤ 141 ያቺን የ7.5 ሃይድሮጅን የያዘው ካርቦን ስለሆነ ይህ ሜቲል በትንሹ ቀለበት ላይ ነው። የ3.6ቱ ከ149 እና ከ151 ጋር። የ3.4ቱ ከ151 እና ከ155 ጋር። እርሳሷ 151 ላይ ቆመ። “ሁለቱም ከዚህ ካርቦን ጋር ይነጋገራሉ” አለች፤ “ስለዚህ ይህ ካርቦኒል በሁለቱ ናይትሮጅኖች መካከል ነው ያለው።” የ3.4ቱን ሜቲል በሁለቱ ካርቦኒሎች መሐል ባለው ናይትሮጅን ላይ ጻፈች፣ የ3.6ቱን በቀረው ናይትሮጅን ላይ፣ እና ቀለበቱን ዘጋችው።